ቅቤ የጠጣው ውጅግራ

የሰሊጥ ዘይት ሲሸተኝ ዛሬም ሳላስበው እጄን በቀሚሴ ጫፍ እጠርጋለሁ። ከዚያ ጅቡቲ ትመጣለች፤ ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር የነበረችው የጣውላ ቤታችን፣ በስንጥቁ እንደ ክር የሚገባው የቀትር ብርሃን፣ ከወደቡ የሚሰማው የመርከብ ጡሩምባ።

ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ባለቤቴ የባቡር ጣቢያው መጋዘን ዘበኛ፣ በዕድሜ በጣም የሚበልጡኝ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ነበሩ። ከድሬዳዋ ካመጡኝ ጀምሮ «ውሃ አለ?» እና «በሩን ዝጊው» ከመባባል ያለፈ ብዙም አልተነጋገርንም። እኔም ሙቀቱንና ጨው ጨው የሚለውን ውሃ አልለመድኩትም። ድሬዳዋ የቀረችው እናቴ ትናፍቀኝ ነበር።

አንድ ቀን ከተማው ሁሉ በሩን ዘግቶ በሚተኛበት ሰዓት፣ ውጅግራ ጠመንጃቸውን ሰሌን ላይ ፈታተው አቀርቅረው አገኘኋቸው።

«ነገ የዘቡ አለቃ መሣሪያ ያያል» አሉኝ። «ነጭ መሐረብ ውስጡ ይከትታል፤ ቆሽሾ ከወጣ ያሰናብተኛል። ሰኞ በባቡር ወደ ድሬዳዋ ነን።»

ደስታዬን እንዳያዩብኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ለዚህ ያደረሳቸው ያገራቸው ልማድ ነው። ደጋ ላይ ብረት እንዳይዝግ ቅቤ ይቀባል፤ እሳቸውም ውጅግራውን ቅቤ አጠጥተውት ነበር። በጅቡቲ ሙቀት ቅቤው ቀልጦ ጥጋጥጉ ውስጥ ገባ፤ የባሕሩን ጨውና አሸዋውን ይዞ እንደ ሙጫ ደረቀ። አፈሙዙን በዘንግ ወልውለዋል። ጥይት የሚጎርስበት ጥግና የተተኮሰውን ቀለህ የሚጎትተው የብረት ጥፍር ሥር ግን ጣታቸው አልገባ አለ።

ለባቡር ሰዎች ወተት ስትሸጥ አማርኛ የለመደችው ሶማሌዋ ጎረቤታችን የከረመ ቅቤ ሸቷት ብቅ አለች።

«ናያ፣ አንቺ! ጠመንጃ ሙሽራ ናት እንዴ ቅቤ የምትቀቧት?»

«ሂጂ ወዲያ፣ አንቺ ደግሞ!» አሉ ባለቤቴ።

እሷም እየሳቀች ሄደች። ስትመለስ ባሏ የጀልባውን ብረት የሚቀባበትን የሰሊጥ ዘይት በብርጭቆ ይዛልን መጣች።

የእንጨት ኩል መኳያዬን አወጣሁ። ጫፉ ላይ ጥጥ ጠምጥሜ፣ ዘይት ነክሬ፣ በጥፍሩ ሥር ሰደድኩት። ጠቁሮ ወጣ።

«ቀስ! ዓይን ነው ብለሽ ያዢው።»

«የማን ዓይን?» አልኳቸው፣ አፌ አምልጦኝ።

«የኔ ነዋ! ይሄ ከታወረ እኔ በምን አያለሁ?»

ሳቁ። ሲስቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ ወሬው መጣ። ውጅግራውን ሲገዙ የሸጡትን በሬ፣ በሬው ሲሄድ እናታቸው ስንት ቀን እንዳኮረፉ ነገሩኝ። እኔም ስለ እናቴ አወራሁ። ጥጡ እየነጣ ሄደ።

በመጨረሻ ብረቱን ወደ ብርሃኑ ሳዞረው ከጥጉ አንዲት ጥቁር ነጠብጣብ አየሁ። ለእሳቸው ዓይን አትታይም፤ መሐረብ ግን አያልፋትም። ብተዋት ሰኞ እናቴ ዘንድ ነኝ። «አበቃ?» አሉኝ። «ትንሽ ቀረኝ» አልኩና ጥጡን ለወጥኩ።

በማግስቱ ሲመጡ ገና ከደጅ ነበር የተጣሩት። «መሐረቡን ሁለቴ ከተተው፣ ሁለቴም ነጭ ወጣ! ማን ወለወለው ቢለኝ ባለቤቴ ናት አልኩት!»

የሰኞው ባቡር ጮኾ ሲነሳ ልብስ እያጠብኩ ነበር። ድምፁ እስኪርቅ ቀና ብዬ አዳመጥኩት። ከዚያ የሳቸውን ሸሚዝ ጨምቄ አሰጣሁት።