ከመርዶው በፊት የገባ ስለት

ወንድሜ በጦርነቱ ሞተ እንጂ በጥይት አልሞተም። ከግንባር ቁስለኞች ጭኖ የተነሳ ሄሊኮፕተር ሲያርፍ ተከስክሶ ነው። ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ እንደቆምኩ የሠራዊት ጓደኛው ደውሎ ነገረኝ። ለግንቦት ልደታ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር።

እናታችን ልጇ ከግንባር በሰላም ከወጣላት ለልደታ ማርያም ጃንጥላ ልታስገባ ተስላ ነበር። በዚያው ሳምንት ደውሎ ቁስለኛ አጅቦ በሄሊኮፕተር እንደሚመለስ፣ ፈቃድም እንደተሰጠው ነገራት። እንደ ሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ የለውም ብሎ አሳቃት። ስለቷ የሰመረ መስሏት ተክለ ሃይማኖት ሄዳ ባለ ወርቃማ ዘርፍ ጃንጥላ ገዛች።

እኔ ለእድራችን ዳኛ ነገርኳቸው። በእኛ ሰፈር መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም፤ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ዘመድ ይጠራል፣ ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል። ይሁን። እሳቸው ግን ጭራሽ በዓሉ ይለፍ አሉ። በልደታ ቀን እናትን ማስለቀስ ነውር ነው፣ ደግሞም ልቧ ደካማ ነው፣ አንቺም ፊትሽ እንዳያሳብቅብሽ አሉኝ። ልቧ ደካማ! ባሏን ቀብራ ሁለት ልጅ ብቻዋን ያሳደገች ሴት ልቧ ደካማ መሆኑ የታወቀው ያን ቀን ነው። በንዴት እየተንጨረጨርኩ እሺ አልኩ።

በበዓሉ ዕለት ከእሷ በቀር ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ጃንጥላዋን ይዛ ስትወጣ ጎረቤቶቻችን ነጠላቸውን አጣፍተው ተከተሏት። ስለቷን ስታስገባ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በእልልታ ቀለጠ። ከሰዓት በኋላ ደጅ ላይ ንፍሮ ሲበላ የወንድሜን ድርሻ በሳህን ከድና አስቀመጠች። እኔ ድርሻዬን በእጄ እንደያዝኩ ተቀምጫለሁ፤ እነሱ ንፍሮው ጨው አነሰው እያሉ ያወራሉ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ መጡ። አብሯቸው የተላከው መኮንን ብልሽቱ የቴክኒክ ነው፣ ጠላት አልመታውም እያለ ይደጋግማል። ይሄ ማጽናኛ መሆኑ ነው? ከመነሳቱ በፊት ማን ፈተሸው ብዬ ብጠይቀው ሰዓቱን አየ።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ጭር ሲል እናቴ አጠገቧ አስቀመጠችኝና መቼ እንዳወቅኩ ጠየቀችኝ። ከበዓሉ ሁለት ቀን በፊት መሆኑን ነገርኳት። በዳኛው ላላክክ ስጀምር እጇን አነሳች።

«እሳቸውስ ባዳ ናቸው» አለችኝ። «አንቺ ግን ጃንጥላውን ሳስገባ አጠገቤ ቆመሽ እልል ብለሻል።»

ብያለሁ። ፊቴ እንዳያሳብቅብኝ ከሁሉም ጮክ ብዬ ነበር ያልኩት።