የቀዝቃዛ አቶሞች ደብተር

ፖሊሶች ሲይዙኝ የፈለጉት ከመምህራን ባልደረቦቼ ጋር የፈረምኩትን አቤቱታ ነበር። ያገኙት ግን የፊዚክስ ደብተሬን ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ስሌት፣ በየገጹ «አቶም» የሚል ቃል። ፈታሹ በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ከሰውነቱ አርቆ ወጣ። ሳቄን ዋጥኩት።

ያሰሩኝ ለብቻዬ ነው። ሲሚንቶ ወለል፣ ከሐዋሳ ሐይቅ የሚመጣ እርጥበት፣ ከላይ ቆርቆሮውን የሚረግጡ አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች። ዘጠኝ ቀን ከወፎቹ ኮቴ በቀር የሰማሁት የለም ማለት ይቻላል። ብቸኝነት እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

በዐሥረኛው ቀን ጠዋት መርማሪው አስጠሩኝ። ጸጉራቸው የሸበተ፣ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«መምህር፣ ይሄ ቦምብ ነው?»

«አይደለም። ኒውትሪኖ የሚባል፣ ከአንዳንድ አቶሞች የሚወጣ እጅግ ትንሽ ነገር አለ። ክብደቱን እስካሁን በትክክል ያወቀ የለም። እሱን ለማወቅ እንደ ጅረት የሚፈሱ አቶሞችን ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል።»

«ለምንድነው የሚቀዘቅዙት?»

«ሲሞቁ ይሮጣሉ። ካልሰከኑ ማግኔት አይዛቸውም፤ ካልተያዙ ደግሞ የሚለካ ነገር የለም።»

«እዚህ ሐዋሳ ነው የምታቀዘቅዘው?»

«ማሽኑ ውጭ አገር ነው። እኔ ወረቀት ላይ ብቻ ነው የምሠራው። እርስዎ የያዙት ሌላ ቅጂ የለውም።»

እስክጨርስ አዳመጡኝ። በስድስት ዓመት ውስጥ ስለዚህ ሥራ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ደስ አለኝ፤ ደስ ስላለኝም አፈርኩ።

እንደ ደንቡ ቃሌን የጻፉት እሳቸው ናቸው፤ የእኔ ድርሻ መፈረም ነው። ወረቀቱን ገፋ አደረጉልኝ። «ደብተሩ የእኔ አይደለም» ይላል።

«ፈርምና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ። ዐቃቤ ሕጉ አቶም የሚል ካየ አይለቅህም። እኔም ልጆች አሉኝ፣ ለክፉ አልመክርህም።»

«ደብተሩስ?»

«ባለቤት ከሌለው ይቃጠላል።»

ቤት የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም። ያለኝ ያ ደብተር ብቻ ነው። እስክሪብቶውን አንስቼ፣ የተማሪ ፈተና እንደማርም ሁሉ «አይደለም» የሚለውን ሰረዝኩና ከላዩ «ነው» ብዬ ጻፍኩ። ከጎኑ ፈረምኩ።

መርማሪው ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳቡት። «አይ መምህር» አሉ። «በል፣ ተመለስ።»

ሁለት ወር ተጨማሪ ታስሬ ተፈታሁ።

ደብተሩን እስካሁን አልመለሱልኝም። ፖሊስ የያዘው ዕቃ በሚቀመጥበት ኤግዚቢት ክፍል፣ ስሜ ተለጥፎበት ተቀምጧል። የስሌቱን ግማሽ ከራሴ አውጥቼ እንደገና ጽፌዋለሁ፤ የቀረው እዚያ ነው። በየወሩ እየሄድኩ እጠይቃለሁ። አይሰጡኝም፤ ግን አልተቃጠለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሥራዬ የጠየቀኝ የለም። መርማሪውም ጡረታ ወጥተዋል አሉኝ።