ሰላማዊት አንድሮይድን ይዛ ስትመጣ

ስልክ ጥገና የጀመርኩት መገናኛ ነው፤ ቀኑ ሰኞ ነበር። ሱቁ ከአንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከደረጃው በስተግራ ነው። ባለቤቱን ጋሽ ታምራት እንላቸዋለን። ሾላ ገበያ አጠገብ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ያመጣሁትን ወረቀት ሳያዩት አንድ የሞተ ስልክና ትንሽ ካቻቢቴ ሰጡኝ። ፈትቼ እንድገጥም፣ ገጥሜ ደግሞ እንድፈታ ነገሩኝ። እስከ ምሳ ሰዓት አሥራ አንድ ጊዜ ፈታሁት። የመጨረሻው ላይ አንዲት ብሎን ተረፈችኝ። ስልኩን እንደገና አስከፈቱኝ።

ሱቁ ሁለት ጠረጴዛ ነበረው። ሃርድዌር የምንለው ላይ መበየጃ፣ ሙቅ አየር የሚነፋ ማሽን፣ ቴስተርና ማጉያ መነጽር ይቀመጣል። ሶፍትዌር የምንለው ላይ ኮምፒውተር፣ የፍላሽ ሳጥንና አንድ ካርቶን ሙሉ ኬብል አለ። ፍላሽ ማድረግ ማለት የስልኩን ሲስተም ደምስሶ አዲስ መጫን ነው። አዲስ ሰው ከተቀባይነት ይጀምራል፤ ስልኩን ተቀብሎ የደንበኛውን ስምና የስልኩን ችግር ፕላስተር ላይ ጽፎ ጀርባው ላይ ይለጥፋል። ከዚያ ወደ ሃርድዌር ያልፋል። ሶፍትዌር ጠረጴዛ ላይ የሚደርሰው ሰው አንድ ብቻ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ያ ሰው እኔ ሆንኩ።

ያኔ ዘመኑ ከአንድሮይድ በፊት የነበረው የስልክ ሲስተም፣ የሲምቢያን ነበር። በሲምቢያን የሚሠሩ ስልኮችን እንደ ቤቴ አውቃቸዋለሁ። የሚሰወር ነገር የላቸውም። የተቆለፈውን በኮድ፣ በኮድ እምቢ ያለውን ሦስት ቁልፍ አንድ ላይ ተጭኖ በማብራት፣ ያም ካልሆነ በሳጥን እከፍተዋለሁ። ከኮተቤም ከላምበረትም ሰው ስሜን ጠርቶ ይመጣል። "ብርሃኑ ሶፍትዌር አለ?" ይላሉ ከደረጃው ጀምሮ። ሌላ ሥራ ባይኖረኝም እንኳ ትንሽ እንዲጠብቁ አደርግ ነበር። መጠበቃቸው ደስ ይለኝ ነበር።

ሰላማዊት ምድር ቤት የስልክ ሽፋንና ካርድ ትሸጥ ነበር። እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነው፤ ደንበኛ ከሌለ ከኢንተርኔት ካፌ ያተመችውን ወረቀት ስታነብ ነው የማያት። አንድ ያገለገለ አንድሮይድ ስልክ ገዝታ ሦስት ጊዜ ገደለችው፣ ሦስት ጊዜ አስነሳችው። ጋሽ ታምራት ይህን ሰምተው አስጠሯት። ከሶፍትዌር ጠረጴዛ ጥግ ላይ ወንበር ሰጧት። ጥጉ ትንሽ ነበር፤ እኔ ግን ግማሹን የወሰደች ያህል ተሰማኝ።

አንድ ቀን አንድ የአማርኛ መምህር አዲስ አንድሮይድ ይዘው መጡ። የሚላክላቸው አማርኛ ሁሉ ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል። የመጀመሪያዎቹ አንድሮይዶች የእኛን ፊደል አያውቁም ነበር። እኔ ስልኩ ለዚህ አልተሠራም ብዬ መለስኳቸው። ሰላማዊት ከጥጓ ሆና ሁለት ቀን እንዲሰጧት ጠየቀቻቸው። ሲስተሙን ከፍታ የፊደሉን ፋይል ውስጡ አስገባች። መምህሩ ሲመለሱ ልጃቸው ከድሬዳዋ የላከችላቸውን መልእክት ቆመው፣ ጮክ ብለው አነበቡ። ሱቁ ውስጥ የነበረ ሁሉ ሥራውን ትቶ አዳመጠ። እኔ ብቻ አቀርቅሬ ኬብል እጠቀልል ነበር። ሲምቢያን ላይ ይህን ለማድረግ ስንት ጊዜ ሞክሬ እንዳልቻልኩ የማውቀው እኔ ነኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ደረጃውን የሚወጣው ሰው ጥያቄ ተለወጠ። "ሰላም የለችም?" ሆነ። ምሳ ልትበላ ወርዳ ከሆነ፣ እመለሳለሁ ያለችበትን ሰዓት እያወቅኩ፣ "የለችም" ብዬ እሸኛለሁ። የኮምፒውተሩን ፓስወርድ ቀይሬ ረሳሁት አልኩ። የሚሠራውን ኬብል ከካርቶኑ ሥር እከተው ነበር። ጋሽ ታምራት በሩ ላይ "አንድሮይድና አይፎን በባለሙያ እንጠግናለን" የሚል ጽሑፍ ሲያስጽፉ ሲምቢያን የሚል ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ለደንበኛ ግን ምክንያት አላጣም። ሲምቢያን ባትሪው ሦስት ቀን ይቆያል፣ ቢወድቅ ይነሳል፣ ሳያዩት በጣት ይጻፍበታል እላለሁ። አንድሮይድ ማታ ካልሞሉት ጠዋት ይሞታል፣ ፕሮግራም ሲበዛበት ይንቀራፈፋል እላለሁ። አይፎን ደግሞ የባለቤቱ አካውንት ከጠፋ ለማንም አይከፈትም፤ ከውጭ ዘመድ የላከለት ሰው ስንት ጊዜ ተቆልፎበት እጁን አጣጥፎ ተመልሷል። የምለው ሁሉ እውነት ነበር። የምለው ግን እውነት ስለሆነ ሳይሆን ሰላማዊት ስለምትሰማ ነበር። እሷ አትከራከርም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሦስቱም የየራሳቸው ጥሩ ነገር አላቸው፣ ሰው ግን ስልኩን የሚመርጠው እኛ እንዲቀለን አይደለም አለች።

መሪጌታ ጥበቡ የመጡት በዚህ መሀል ነው። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አካባቢ የሚኖሩ፣ ስድሳን የተሻገሩ የዜማ መምህር ናቸው። ስልካቸው አንድሮይድ ነው፤ ሲበራ የፋብሪካው ምልክት ላይ ቆሞ አያልፍም። የተቀበለችው ሰላማዊት ናት። ፕላስተሩ ላይ ስማቸውን ጻፈች፤ ከሥሩም ፍላሽ እንዳይደረግ ለማለት "እንዳይፈላሽ" ብላ ጨመረች። ውስጡ ያለውን ቀድታ ለማውጣት የሚያስፈልጋት ፋይል ስላልተሟላ ከሦስት ቀን በኋላ እንዲመለሱ ነገረቻቸው። በማግስቱ የአክስቷ ለቅሶ ደርሶባት ወደ አዳማ ሄደች።

መሪጌታ ከቀጠሮው አንድ ቀን ቀድመው መጡ። ለሌላ ጉዳይ ወርደው ነው እንጂ ሊያጣድፉን አልነበረም። ሰላማዊት አለመኖሯን ስነግራቸው ሊመለሱ ዞሩ። አስቆምኳቸው። እኔ ልሠራው እችላለሁ አልኳቸው። ያን ጊዜ ነው ስልኩ ውስጥ ምን እንዳለ የነገሩኝ። መምህራቸው ባለፈው ዓመት አርፈዋል። ከማረፋቸው በፊት ታመው አልጋ ላይ ሳሉ ያዜሙትን መሪጌታ ብዙ ቀን እየተመላለሱ በዚህ ስልክ ቀድተውታል። ሌላ ቦታ የለም።

ፕላስተሩን አይቼዋለሁ። "እንዳይፈላሽ" የሚለውንም አንብቤዋለሁ። ስልኩ የሜሞሪ ካርድ ነበረው። በሲምቢያን ጊዜ የስልኩ የውስጥ ቦታ ትንሽ ስለሆነ ሰው ድምፁንም ፎቶውንም የሚያስቀምጠው ካርዱ ላይ ነበር፤ ካርዱን አውጥተህ ስልኩን ብትደመስሰው የሚጠፋ ነገር አይኖርም። ይህም እንደዚያው ነው አልኩ። እርግጠኛ አልነበርኩም። ሰላማዊት ስትመለስ ሥራው አልቆ እንድታገኘው ግን ፈልጌ ነበር። ካርዱን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ፕላስተሩን ላጥኩት። ኬብሉን ሰካሁ።

ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ስልኩ እንደ አዲስ በራ። ካርዱን መልሼ አስገብቼ ሰጠኋቸው። መሪጌታ መነጽራቸውን አድርገው የመምህራቸውን ድምፅ ፈለጉ። አጡ፤ እኔም ተቀብዬ ፈለግሁ። ካርዱ ላይ የጥምቀት ፎቶዎችና የአንድ ሠርግ ቪዲዮ ብቻ ነበሩ። የዚህ ስልክ መቅጃ ድምፁን የሚያስቀምጠው ስልኩ ውስጥ ነው። ሰላማዊት ይህን ታውቅ ነበር።

"ሲበላሽ አብሮ ጠፍቷል" አልኳቸው።

ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ፣ ደከምክ" ብለውኝ ወረዱ።

ሰላማዊት ስትመለስ ደንበኛው ወስዶታል አልኳት። በሳምንቱ መሪጌታ ለቅሶዋን ሰምተው እግዚአብሔር ያጽናሽ ሊሏት መጡ። የመምህራቸው ድምፅ እንዳልተገኘ ያነሱት በጨዋታ መሀል ነው። ሰላማዊት ፊቷ ተለወጠ። ስልኩ ባይነካ ኖሮ ይወጣ እንደነበር፣ እንዳይፈላሽ ብላም ጽፋ እንደሄደች ተናገረች። ጋሽ ታምራት ከወንበራቸው ተነሡ። በሱቁ ደንብ ማስጠንቀቂያ ሳይጽፍ ስልክ ትቶ የሄደ ሠራተኛ ጥፋቱ የራሱ ነው።

"ብርሃኑ፣ ተጽፎ ነበር?" አሉኝ።

"አላየሁም" አልኩ።

በደንበኛ ፊት ገሠጿት። ሦስት ዓመት ስትሠራ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉባት የዚያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት። እሷ መጻፏን ደጋግማ ተናገረች። ወሩ ሲያልቅ ኬብሎቿን በአንድ ፌስታል ይዛ ሄደች።

ጠረጴዛው ሙሉ በሙሉ የእኔ ሆነ። ዕቃዬን ዘርግቼ አስቀመጥኩ። ሰው ግን ደረጃውን እየወጣ "ሰላም የለችም?" ማለቱን አልተወም። ቅናቱ ከእሷ ጋር አብሮ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። አልሄደም። እንዲያውም ባሰ፤ የማልችለው ስልክ በመጣ ቁጥር እሷ ብትኖር እንዴት እንደምታደርገው አስባለሁ። በዚያ ላይ የሽማግሌው ምስጋና ምግብ አላስበላ አለኝ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታን እንዳገኛቸው አስቤ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። ታክሲው እስከሚደርስበት ሄጄ ቀሪውን በባሕር ዛፉ መሀል በእግሬ ጨረስኩ። መሪጌታን ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ፕላስተሩን ማንበቤንም፣ ልጬ መጣሌንም።

"ሳታውቅ ነው ወይስ እያወቅህ?" ብለው ጠየቁኝ።

"ግማሹን እያወቅሁ ነው። በልጅቷ ቀንቼ ነው መሪጌታ።"

"ዜማውን እኔ አውቀዋለሁ፤ ለተማሪዎቼም አስተምረዋለሁ። የጠፋው ድምፃቸው ነው። እሱን አንተም እኔም አናመጣውም" አሉ። ከዚያ ለልጅቷ ነግሬ እንደሆነ ጠየቁኝ። አልነገርኳትም አልኩ። "እንግዲያስ ገና አልጨረስክም" ብለው ወደ ቤት ገቡ።

ሰኞ ጠዋት ለጋሽ ታምራት ነገርኳቸው። አላባረሩኝም። ከሶፍትዌር ጠረጴዛ አንሥተው ወደ ተቀባይነት መለሱኝ፤ ከደንበኛ ስም መጻፍ እንደገና ጀመርኩ። ሰላማዊት ሾላ ገበያ አጠገብ አንድ መስኮት ያላት ሱቅ ከፍታ ነበር። ምሳ ሰዓት ሄጄ መስኮቱ ላይ ቆሜ ነገርኳት። የያዘችውን ስልክ ሳታስቀምጥ አዳመጠችኝ።

"መጻፌን እኮ እኔ አውቃለሁ" አለች። "ስለ ፕላስተሩ አዲስ ነገር አልነገርከኝም። እኔን ያሳዘነኝ ጋሽ ታምራት ሦስት ዓመት አብሬያቸው ሠርቼ አለማመናቸው ነው። ይህን ሄደህ ለእሳቸው ንገርልኝ።"

ነገርኳቸው። በማግስቱ ራሳቸው ወደ ሾላ ሄዱ። ይቅርታ ጠይቀው እንድትመለስ ለመኗት። ይቅርታውን ተቀበለች፤ አልመለስም አለች።

ከዓመት በላይ ተቀባይ ሆኜ ሠራሁ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሲምቢያን ስልክ በሳምንት አንድ፣ በኋላም በወር አንድ መምጣት ጀመረ። አንድ ቀን ማንም ሱቃችን ውስጥ ያልቻለውን አንድሮይድ ይዤ፣ በደንበኛው ፈቃድ፣ ወደ ሰላማዊት መስኮት ሄድኩ። ተቀበለችኝ፤ ግባ ግን አላለችኝም። ሁለተኛም ሦስተኛም ሄድኩ። በአራተኛው በሩን ከፍታ ከጎኗ አስቀመጠችኝ። መጀመሪያ ያሳየችኝ ሲስተም መጫንን አይደለም፤ ስልኩ ውስጥ ያለውን ሳይደመሰስ ማውጣትን ነው። እሷ ስትሠራ እኔ ደብተር ላይ እጽፍ ነበር። አንድሮይድን የተማርኩት እንዲህ ነው።

ዛሬ የራሴ ሱቅ አለኝ። ሥራ አስተማሪም ነኝ። የሰላማዊት ሱቅ ከእኔ ይበልጣል፤ ከበሩ ውጭ ሰው ቆሞ ሲጠብቅ ሳይ አሁንም እቀናለሁ። ይህ ያልፋል ብዬ ለማንም አልዋሽም። ለምታስጠግኑ ሳይሆን ለምትጠግኑ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። ሲስተም ይለዋወጣል፤ አንዱን ስላወቃችሁ ሌላውን አውቃችኋል ማለት አይደለም። የማታውቁት ስልክ ሲመጣ ለሚያውቀው ስጡ፤ የሚያውቀው የምትቀኑበት ሰው ቢሆንም።