ከሁለተኛው መስታወት ጀርባ

ባለፈው ሳምንት ነቀምቴ ውስጥ አዲስ በተከፈተ ሕንፃ ወረፋ እየጠበቅሁ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠች እናት የተኛ ልጇን አቅፋ ወንበር ትቀያይራለች። ፀሐይዋ የውጭውን መስታወት፣ ቀጥሎም የክፍሉን መስታወት አልፋ ሕፃኑ ፊት ላይ ታርፍ ነበር። ሌላ ሰው ልብ አላለም። እኔ ግን የአርጆው ቀን ትዝ አለኝ።

ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ብዙም አልቆየሁም። ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር ባለች ትንሽ የዲዛይን ቢሮ፣ ከአለቃዬ ከኦቦ ገመቹ ጋር እሠራ ነበር። የእኔ ድርሻ ገና ያልተሠራ ሕንፃ ምን ያህል እንደሚሞቅና እንደሚቀዘቅዝ በኮምፒውተር ማስላት ነው። አዴ ሌንሳ የሚባሉ አዋላጅ አርጆ ላይ የእናቶች ክሊኒክ ሊያሠሩ ነበር። ኦቦ ገመቹ ወደ ምዕራብ የሚያይ የመስታወት ኮሪደር ነደፉላቸው፤ ከኮሪደሩ ኋላ፣ በሌላ መስታወት ተከልሎ፣ የአራስ ሕፃናት ክፍል አለ። ስሌቱን የሠራው ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ነው። ክፍሉ ቀኑን ሙሉ ይመቻል ይላል።

ንድፉን ለአዴ ሌንሳ ልናሳይ ወደ አርጆ ልንሄድ በተነሣንበት ጠዋት፣ ውጤቱን ሳገላብጥ ስህተት አየሁ። ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩ ይግላል፤ በመስታወት ብቻ የተለየው ክፍል ሙቀት ግን ንቅንቅ አይልም። ፕሮግራሙ ካላዘዙት በቀር፣ የገባችው ፀሐይ ኮሪደሩ ውስጥ ቀርታለች ብሎ ይቆጥራል። የውስጡን መስታወት እንድታልፍ ያዘዘው ሰው የለም። አስተካክዬ እንደገና ማስላት ስጀምር መብራት ሄደ።

መኪና ውስጥ ኮምፒውተሩን ጭኔ ላይ አድርጌ ባትሪው ሲያልቅ አያለሁ። መስከረም ነበር፤ መንገዱ ዳር አደይ አበባ፣ የበቆሎ እሸት ጥብስ ሽታ።

“አራስ ልጅ ነው እንዴ ያቀፍሽው?” አለኝ ሹፌሩ።

“ኦቦ ገመቹ፣ የውስጡ መስታወት ትንሽ...” አልኩ።

“አርጆ ብርድ ነው፣ ኢንተላ ኮ” አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። “ፀሐይ ብትገባላቸው ይመርቁናል።” ስሌቱ ሳያልቅ ኮምፒውተሩ ጠፋ።

አርጆ፣ አዴ ሌንሳ ዘንድ፣ ለምሳ አንጮቴ የሚባለው የወለጋ ሥራ ሥር ቀረበ። ከተናገርኩ ኦቦ ገመቹ ሊያባርሩኝ ይችላሉ፤ ዝም ካልኩ ደግሞ እነዚያ ሕፃናት አሉ። አዴ ሌንሳ ስልካቸውን አነሡ። “መስታወት ነጋዴው እየጠበቀኝ ነው። ልዘዘው?”

“አዴ ሌንሳ... አልጋዎቹ...”

“ጮክ በይ። ከምጥ ጋር የኖረ ጆሮ ሹክሹክታ አይሰማም።”

“ከሰዓት በኋላ ፀሐይ አልጋዎቹ ላይ ትደርሳለች። ስሌታችን ያንን አልቆጠረም።”

“ምን ያህል ይሞቃል?”

“አላውቅም። አልጨረስኩም።”

ኦቦ ገመቹ የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡ። “አርጆ እኮ ብርድ ነው” አሉ ቀስ ብለው።

“ለእኔና ለእርስዎ ነዋ። አራስ ተጠቅልሎ ነው የሚተኛው፤ ሲሞቀው ብርድ ልብሱን አይገፍፍም።” ከዚያ አዴ ሌንሳ ለነጋዴው ደውለው በኦሮምኛ ቆይ አሉት።

ስንመለስ ዝናብ ነበር። ነቀምቴ ልንገባ ስንል ኦቦ ገመቹ ዞር አሉ። “ለምን አስቀድመሽ አልነገርሽኝም?”

“መኪና ውስጥ ነግሬዎት ነበር።”

“መናገርሽ ነበር እንዴ እሱ?” አሉ። ነገ ሥራ ይኑረኝ አይኑረኝ ሳላውቅ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ መብራት ነበር። ስሌቱ አለቀ፤ ክፍሉ ከሰዓት በኋላ በሙቀት ከኮሪደሩ እምብዛም አያንስም። ኦቦ ገመቹ ቆመው አዩት፣ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ፣ አብረን የጣሪያውን ክፈፍ አስረዘምን፤ አልጋዎቹንም ወደ ምሥራቁ ግድግዳ አዞርን።

ዛሬም ሰው ፊት መናገር ያስፈራኛል። ድሮ ፍርሃት ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር። አሁን ለራሴ የምፈራውንና ክፍሉ ውስጥ ለሚተኛው ሰው የምፈራውን እለያለሁ፤ ሁለተኛው ሲመጣ ድምፄ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን፣ እንደ አርጆው ቀን ምሳ እስኪቀርብ ሳልጠብቅ እናገራለሁ።