የአራት ኮምፒውተር ጠጋኞች

እዚሁ ደብረ ታቦር፣ በአንዲት ትንሽ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሥራ የጀመርኩ ቀን ኃላፊዬ አቶ ምናሉ መጀመሪያ ያስረከቡኝ የኮምፒውተር ክፍሉን ቁልፍ ነው። ከፍተው አሳዩኝ። አራት ኮምፒውተሮች ጥልፍ ጨርቅ ለብሰው ተደርድረዋል።

«ዋናው ሥራሽ እነዚህን መጠበቅ ነው» አሉኝ።

«ከሌባ ነው?»

«ከተጠቃሚ።»

የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ከዚያ በፊት በአንድ ትምህርት ቤት መጻሕፍት እመድብ ነበር። የካታሎግ ካርድ መጻፍ፣ የመደብ ቁጥር መለጠፍ፣ ማኅተም መምታት አውቃለሁ። ሰውን ከበር መመለስ ግን አዲስ ሙያ ሆነብኝ።

የክፍሉ ደንብ በሩ ላይ ተለጥፏል። ኢንተርኔት የሚፈልግ ሰው የከተማዋ ነዋሪ መሆኑን የሚያሳይ መታወቂያና ከቀበሌው የድጋፍ ደብዳቤ ያመጣል። ከሥሩ አንዲት መስመር አለች፦ «ከጥገና ባለሙያ በስተቀር ማንም ያለ ደብዳቤ አይገባም።»

ችግሩ ነዋሪው አይመጣም። ነዋሪው ስልክ አለው፤ ስልኩ ሲበላሽበት የጎረቤቱ ስልክ አለው። የሚመጣው መንገደኛ ነው። መኪና የተበላሸበት፣ የድሮውን የመድፍ መሥሪያ ጋፋትን ሊያይ መጥቶ ኔትወርክ ያጣ፣ ለስብሰባ ተጠርቶ ስብሰባው የተራዘመበት። እነዚህ ደግሞ ደብዳቤ የሚጽፍላቸው ቀበሌ ያለው በመኪና መንገድ አድረው የሚደርሱበት ርቀት ላይ ነው። ስለዚህ ክፍሉ ንጹሕ ሆኖ ከረመ። በየሳምንቱ አቧራ እጠርጋለሁ፣ ጨርቁን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አንዲት ወጣት ሴት በዝናብ ርሳ ገባች። ሰብለ ትባላለች፤ በጋይንት በኩል ባለ አንድ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት። ወደ ባሕር ዳር እየሄደች ነው።

«እትዬ፣ ኢንተርኔት አላችሁ ብለውኝ ነው» አለች። «ለትምህርት አልፈሻል የሚል መልእክት ኢሜይል ላይ ተልኮልኛል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እቀበላለሁ ብዬ ካልመለስኩ ቦታዬ ለተጠባባቂ ይሰጣል። እኛ ጋ ኔትወርክ ከጠፋ ሰነበተ። ዛሬ ጓደኛዬ ከባሕር ዳር ደውላ ባትነግረኝ አላውቅም ነበር።»

የከተማው ኢንተርኔት ቤቶች መብራት ጠፍቶባቸው ተዘግተዋል። እኛ ከሆስፒታሉ ጋር በአንድ መስመር ስለተያያዝን መብራት አለን። ስልኳን አሳየችኝ፤ መስታወቱ ተሰነጣጥቆ ጥሪ ከመቀበል በቀር ምንም አይሠራም። የእኔም ኢንተርኔት የሌለው ተራ ስልክ ነው።

ደንቡን አነበብኩላት።

«ሦስት ጊዜ ነው የተወዳደርኩት» አለች። ብታለቅስ ኖሮ ምናልባት ደንቡን ደግሜ አነብላት ነበር። እሷ ግን ቦርሳዋን አንስታ ወደ በሩ ዞረች።

ያን ጊዜ ያቺን የደንቡን የመጨረሻ መስመር አየኋት።

«ነይ ተመለሺ» አልኳት። መዝገቡን ገልጬ ስሟን ጻፍኩ። «የመጡበት ምክንያት» በሚለው ሥር «ጥገና» ብዬ ሞላሁ። አስፈረምኳት።

ጨርቁን ገፈን ኮምፒውተሩን ከፈትን። ገጹ አልመጣ አለ። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲሆን አቶ ምናሉ ገቡ።

«ይቺ ማናት?»

«የጥገና ባለሙያ ናት» አልኩ።

ወደ እሷ ተጠጉ። «ምን ሆኖ ነው?»

ሰብለ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል «ትንሽ ዘግይቷል እንጂ ደህና ነው» አለች። «ማጣደፍ አያስፈልግም፤ በራሱ ጊዜ ይመጣል።»

«ልምድ አለሽ?»

«ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። እስካሁን በእጄ የጠፋ የለም።»

አቶ ምናሉ ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ። ገጹ መጣ። ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ ላይ መልሱን ላከች። አቅፋኝ ስትሄድ የረጠበ ጃኬቷ እኔንም አረጠበኝ። ከሳምንት በኋላ ደውላ «ስሜ ተለጥፏል» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ሰው ከበር መመለስ አቃተኝ። አንድ መነኩሴ ወደ ጣራ ገዳም ሲያልፉ ገቡ። የዓይን ምርመራ ውጤታቸው በወንድማቸው ልጅ ኢሜይል ተልኮላቸው ማተም ይፈልጋሉ። ፓስወርዱ በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ በእጃቸው ነው። በጥገና መዝግቤያቸው እንዲፈርሙ ስጠይቃቸው ብዕሩን ያዙና ቆሙ።

«ልጄ፣ የምጠግነው የትኛውን ነው?»

«ግድ የለም አባ፣ እንዲሁ ለመዝገቡ ነው።»

«ሐሰትማ አልፈርምም» አሉ። በነጠላቸው ጫፍ አራቱንም ስክሪን በየተራ ወለወሉ፤ ከዚያ ፈረሙ።

አባ ያደረጉትን ለሚመጣው ሁሉ መንገር ጀመርኩ። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር የላላውን ሶኬት አጠበቀ። አንድ የሒሳብ መምህር ሁለት ዓመት ያላበራውን አራተኛውን ኮምፒውተር አስነሳ። የሌላ አገር ቱሪስት እንኳ አስተርጓሚው ሲነግረው የኪቦርዱን አቧራ እፍ ብሎ አራገፈ።

የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ሲሠራ አራት ኮምፒውተር ከስልሳ በላይ የጥገና ባለሙያ እንደተመለከተው ሆኖ ወጣ። አቶ ምናሉ ፈርመው ላኩት። ተጠርቼ እባረራለሁ ብዬ ስጠብቅ ከበላይ ደብዳቤ መጣ። ስንከፍተው ምስጋና ነው። የጥገና ባህላችን ምርጥ ተሞክሮ ሆኖ ተመርጧል። ከሌላ ዞን ልዑካን ለልምድ ልውውጥ ይመጣሉ ይላል።

አምስት ሰዎች መጡ። መዝገቡን ገልብጠው ፎቶ አነሱት። አራቱም ኮምፒውተሮች እንደሚሠሩ ሲያዩ ተደነቁ፤ የእነሱ ከተሸፈኑበት ተገልጠው አያውቁም። የቡድኑ መሪ፣ ክራባት ያሰሩ ትልቅ ሰው፣ «ከባለሙያዎቹ አንዱን ብናነጋግር?» ሲሉ ሰበብ ልፈጥር አሰብኩ።

አቶ ምናሉ ቀደሙኝ። «መስክ ላይ ናቸው» አሉ።

ሊሄዱ ሲሉ መሪው ሰዓታቸውን አይተው ደነገጡ። የጉዞ ሪፖርታቸውን ያን ቀን በኢሜይል መላክ አለባቸው፤ ስልካቸው ደግሞ ባትሪ ጨርሷል። እኔ ደንቡ የተለጠፈበትን በር አየሁ። አቶ ምናሉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ጥገና ብለሽ መዝግቢያቸው።»

እንግዶቹ ሲሸኙ «ያውቁ ነበር እንዴ?» አልኳቸው።

«መነኩሴ ኮምፒውተር ሲጠግን የት አይተሻል? መዝገቡን የምፈርመው እኔ አይደለሁም?»

«ታዲያ ደንቡን ለምን አያነሡትም?»

«ደንብ የሚያነሣ ኮሚቴ ነው። ኮሚቴ የሚቋቋመው በደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን የሚጽፈው ሰውዬ ተዛውሯል፤ ምትኩ አልመጣም» አሉና ወደ ቢሯቸው ገቡ።

ጡረታ ስወጣ ደንቡ በሩ ላይ እንደተለጠፈ ነበር። እነዚያ እንግዶች በየቤተ መጻሕፍታቸው የጥገና መዝገብ እንዲከፈት አዝዘዋል ሲባል ሰምቻለሁ። ኢንተርኔቱን መንገደኛ ይጠቀምበት አይጠቀምበት ግን የነገረኝ የለም።

በእኔ ቦታ ለተተካችው ልጅ ቁልፉን ሳስረክብ ያልኳትን እዚህም እላለሁ። ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ጉዳዩን ጠይቂ። መታወቂያው ይቆያል፤ መኪናው ግን አይጠብቅም።