ያልቀመሰው በረኛ

ትናንት ከሰበታ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላ ወንበር ሥር ቢጫ ጀሪካን ነበር። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ውኃው ይንቦጫረቃል፤ ክዳኑ ላልቶ ስለነበር የእርጥብ አፈርና የዛፍ ሥር ሽታ ይወጣል። ጠበል መሆኑን ሳልጠይቅ አወቅሁ። ረዳቱ "ፋዘር፣ እግርዎን ሰብሰብ ያድርጉ፣ እንዳይረግጡት" አለኝ። እግሬን ሰበሰብሁ፤ ኮሌጅ ሳለሁ የሆነ አንድ ነገርም ትዝ አለኝ። ልጄ፣ አንተም ዘንድሮ ለኮሌጅህ ቡድን ተመርጠሃልና ስማኝ።

መጀመሪያ ሰዎቹን ላስተዋውቅህ። አንደኛው አሰልጣኛችን ናቸው፤ የመንግሥት ኮሌጅ የስፖርት መምህር። በወጣትነታቸው ቁርጭምጭሚታቸው ተሰብሮ፣ ሐኪም ተስፋ ከቆረጠ በኋላ በመናገሻ ጠበል ድነው የቆሙ ናቸው፤ ይህንንም ከልባቸው ያምናሉ። ሁለተኛው በረኛችን ነው። ጴንጤ ነበር፤ ረጅም፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ኳስ ሲይዝ ዳቦ ከምድጃ እንደሚያወጣ ሰው የሚጠነቀቅ። ከዚያ አባቱ አሉ፤ ከደቡብ መጥተው ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ ይሠሩ ነበር። ኦቦ የምንላቸው የሜዳ ጠባቂም አሉ። የመጨረሻው እኔ ነኝ፤ የቡድኑ አምበል፣ እናቱ ጾም ሳታስገድፍ ያሳደገችው ልጅ። ኮሌጁን አልጨረስሁም፤ ከዚያ ወዲህ ያወቅሁትን ብቻዬን አንብቤ ነው ያወቅሁት።

አሰልጣኛችን ከጨዋታ በፊት ሜዳው ጥግ ያሰልፉንና ከጀሪካኑ በኩባያ እየቀዱ ሁላችንንም ያጠጡን ነበር። ጠበል የሚጠጣው ደግሞ በባዶ ሆድ ነው፤ እህል የቀመሰ አይጠጣም። ገሚሱ ተጫዋች ከሱሉልታም ከቡራዩም በታክሲ ስለሚመጣ ጠዋት ሊሰጡን አልቻሉም። ስለዚህ ስምንት ሰዓት ለሚጀመር ጨዋታ እህል ያልነካ ቡድን ይገባ ነበር። "ረሃብ ሰውን ያነቃል" ይሉናል። እውነት ለመናገር እኔን ያዞረኝ ነበር።

ሙስሊሞቹን አይነኳቸውም፤ እንደ ጎረቤት ያከብሯቸዋል። ጴንጤ ግን ከቤት የወጣ ልጅ ይመስላቸው ነበር፤ መመለስ ይፈልጋሉ። በረኛውን ሁለት ጊዜ "ጠጣ" ብለውት ሁለት ጊዜ እንቢ አላቸው። ሦስተኛው ላይ ተቀያሪ ወንበር ላይ እንደሚያስቀምጡት ሁላችንም አውቀናል።

እኔና በረኛው የምናድረው ኮሌጁ ውስጥ ነበርና መኝታ ክፍላችን ውስጥ ለመንሁት። "ውኃ ነው እኮ፤ ተጎንጭተህ ግባ" አልሁት።

"ውኃ ብቻ ከሆነ ለምን ያስገድዱኛል? ውኃ ብቻ ካልሆነ ደግሞ ሳላምንበት እንዴት እጠጣዋለሁ? ያንተን ጠበል ማቃለል አይሆንም?"

አንድ ነገር ትዝ አለኝና "እንግዲያው ቁርስ ብላ" አልሁት። "የበላ ሰው ጠበል አይሰጠውም። ሥርዓቱ የእሳቸው ነው።"

አልጋው ላይ ተንከትክቶ ሳቀ።

በሚቀጥለው ጨዋታ ኩባያው ደረሰበት። አሰልጣኙ "እህል ቀምሰሃል?" አሉት።

"ቀምሻለሁ፣ ኮች።"

ፊታቸው ሲፈታ አየሁ፤ ሸክም የወረደላቸው መሰለኝ። "ተወው እንግዲህ፤ እለፍ" አሉት።

ከዚያ በኋላ ይህ የሁለቱ ሰላምታ ሆነ። ቀምሰሃል፤ ቀምሻለሁ፤ እለፍ። አጥቂያችን ሆዱ እየጮኸ "እኔም ጴንጤ ልሁን እንዴ? ቢያንስ ዳቦ አለው" ሲል አሰልጣኙ ራሳቸው ፈገግ አሉ። ሁለት ክፉ ያልሆኑ ሰዎች መከባበሪያ አግኝተው ነበር። እንዲያው በኖረ።

የዋንጫው ጨዋታ ቡራዩ ሆነ። ከአዲስ አበባ ከአንድ ክለብ በረኛውን ሊያይ ሰው እንደሚመጣ ተነገረን። ለእርሱ ሌላ ዕድል አልነበረውም፤ አባቱ ከትምህርቱ በላይ ተስፋ ያደረጉት ይህንኑ ነበር። በዚያው ሰሞን ግን አንዳንድ ደጋፊዎች አሰልጣኙን "ለጴንጤ ሲሆን ሕግዎ ይላላል" ብለው በነገር ወጓቸው። ዓርብ ዕለት ቡድኑን ሰብስበው "እህል ሳይቀምስ መጥቶ ጠበሉን የማይጠጣ፣ ማንም ይሁን ማን፣ አይሰለፍም" አሉ። ስለ ቀመሰ ሰው ምንም አላሉም። በሩን ክፍት እንደተዉለት ገባኝ።

በማግስቱ ጠዋት ዳቦውን አቀረብሁለት። በጣቱ ቆረሰና መልሶ አስቀመጠው። የዋንጫው ጭንቀት ይዞት ነበር።

"ሁለት ጉርሻ ብቻ" አልሁት።

"አይወርድም። ብበላ እመልሰዋለሁ።"

ቡራዩ ስንደርስ ዝናብ አባርቶ ሜዳው ላይ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ከሣሩ እንፋሎት ይነሣል። አባቱ የፋብሪካ ቱታቸውን እንደለበሱ ከመስመሩ ውጭ ቆመዋል። የክለቡ ሰው ጥቁር መነጽር አድርጎ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ተሰለፍን። ኩባያው ከአንዱ ወደ አንዱ እያለፈ እርሱ ጋ ደረሰ።

"ቀምሰሃል?"

ልቤ "አዎ በል" ይል ነበር።

"አልቀመስሁም፣ ኮች።"

የአሰልጣኙ እጅ አየር ላይ ቀረ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እስቲ አስብ" አሉት። "ሻይ እንኳ አልጠጣህም?"

"አልጠጣሁም።"

ኦቦ አብረውን መጥተው ከኋላዬ ቆመው ነበር። ኪሳቸው ውስጥ ገቡና አንድ እፍኝ ቆሎ አውጥተው በሰው መሐል ዘረጉለት። "እንካ፣ ልጄ፣ ቅመስ። አሁን ቅመስና ጨርስ" አሉት። የሳቀ አልነበረም።

በረኛው በሁለት እጁ የሽማግሌውን መዳፍ መልሶ ዘጋው። "ገለቶማ፣ ኦቦ" ብሎ በኦሮምኛ አመሰገናቸው። "ከተጠየቅሁ በኋላ ብቀምስ ሐሰት ነው፤ በሐሰት ደግሞ አልገባም፤ አባቴ ቆሞ እያየኝ ነው።" ከዚያ ወደ አሰልጣኙ ዞረ። "ኮች፣ አልቀመስሁም። አልጠጣም። መጫወት እፈልጋለሁ።"

ዐርባ ዓይን አሰልጣኙ ላይ ነበር። እነዚያ ደጋፊዎችም አጥሩ ጋ ቆመዋል። ያን ጊዜ የፊታቸው ቀለም ሲለወጥ ያየሁትን አልረሳም፤ የተናደደ ሰው ፊት አልነበረም፤ መውጫ የጠፋበት ሰው ፊት ነበር። ተቀያሪውን በረኛ በስሙ ጠሩ።

አንድ ለዜሮ አሸነፍን። ብንሸነፍ ይሻል ነበር፤ ሽንፈት አንድ ነገር ያስተምራል። ደጋፊው "ጠበሉ ሠራ" እያለ ጨፈረ። የክለቡ ሰው ከዕረፍት በፊት ተነሥቶ ሄዷል።

ልጄ፣ እኔ ዛሬም በጠበል አምናለሁ። በልጅነትህ ስትታመም ተሸክሜ ወስጄሃለሁ። ነገር ግን የመንግሥት ማልያ የሰጠህ ሰው ከማልያው ጋር እምነት ሊያለብስህ አይገባውም። ያ ሜዳ የሁሉም ነው። አማኝ የሆነ ሰው ይህን ከማንም በላይ ሊያውቀው ይገባል፤ ተገድዶ የተጠጣ ነገር ለእግዚአብሔር ምኑ ነው?

ከብዙ ዓመት በኋላ አሰልጣኙን ሱሉልታ አገኘኋቸው። አርጅተዋል። ከዚያ ዓመት ወዲህ ቡድን ይዘው አያውቁም፤ ክፍል ውስጥ ብቻ ሲያስተምሩ ጡረታ ወጥተዋል። "አንቱ ደኅና ነዎት?" ብላቸው፣ "ያ ልጅ የት ደረሰ?" አሉኝ። ኮሌጁን ትቶ ከአባቱ ጋር ፋብሪካ መግባቱን፣ ከዚያ ወዲያ ግን እንደማላውቅ ነገርኋቸው። "ቀምሻለሁ ቢለኝ ምን ነበረበት?" አሉ። ዕድሜ ልካቸውን እውነት ተናገሩ ሲሉን የኖሩ ሰው ናቸው።

ሲደመር ያ ዋንጫ ያስከፈለን ይህን ነው። በረኛው ሜዳውን አጣ፤ አሰልጣኙ ቡድናቸውን፣ እኔ ጓደኛዬን። አባቱ ከዚያ ተስፋቸው ሌላ ያጡት የአንድ ቀን ሥራ ብቻ ነው። ያን ቀን ሌላው ሲጨፍር እሳቸው ወደ ልጃቸው ሄዱ፤ ቦርሳውን ከትከሻው ተቀብለው ራሳቸው አነገቱት፤ በጭቃው ውስጥ ጎን ለጎን ወደ መኪናው መንገድ ወረዱ።