ያዜሙት የፔጆ ቱቦዎች
ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ ግን እዚሁ ሐይቅ ከተማ፣ የእኔው ብየዳ ቤት በር ላይ የሆነ ነው። ጓደኛዬ ሰዒድ የአባቱን አሮጌ ፔጆ ለሠርጉ እያደሰ ነበር። የጭስ ማውጫው ማርሚታ ከኋላ ሳይሆን በጎን፣ ከበሩ ሥር እንዲወጣለት ፈለገ። “ከሞተሩ የሚወጡት አራቱም ቱቦዎች እኩል ይሁኑ” ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ እያንዳንዱን ከሞተሩ እስከ በሩ ለክቼ ቆረጥኩና አንዱ ካንዱ አጠረ። እንዳይጨማደዱ አሸዋ ሞልቼ፣ ጫፋቸውን በእንጨት ወትፌ፣ በእሳት አጎበጥኳቸው። አሸዋውን ደፍቼ፣ የታችኛውን ውታፍ ሳላወጣ ግድግዳው ላይ አስደገፍኳቸው።

ሰዒድ መጥቶ ሲያያቸው ጮኸብኝ።

“ወላሂ አበላሸኸው! ሠርጌ እኮ ቅዳሜ ነው!”

ሜትሬን አውጥቼ እንደገና ልለካቸው ጎንበስ አልኩ።

ያኔ ከሐይቁ በኩል ንፋስ ተነሳ። በቱቦዎቹ አፍ ላይ ሲያልፍ ማዜም ጀመሩ፤ አንዱ በወፍራም፣ ሌላው በቀጭን ድምፅ፣ እየተቀባበሉ። ሰዒድ ሊቆጣኝ ያነሳውን ጣት እንዳነሳ ቀረ።

ከመንገዱ ማዶ ቲማቲም የሚሸጡት እመት ዘይነባ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

“ሱብሃነላህ! ይሄማ የአምባሰል ቅኝት ነው!” አሉና አብረው ያንጎራጉሩ ጀመር። ንፋሱ ሲያርፍ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። “ከአምስቱ ድምፅ አንዲት ብቻ ጎደለችው።”

ሰዒድ ወደ እኔ ዞረ።

“አምስተኛ ቱቦ ቁረጥ።”

“የመኪናህ ሞተር እኮ የሚፈልገው አራት ነው” አልኩት።

“ስለ መኪና ማን አወራ?”